ቁም፣ ቁም፣ ቁጭ

ተሾመች ስትናደድ ጠመኔ ትሰብራለች። የዚያን ማክሰኞ ሦስት ሰበረች። ሦስተኛውን የሰበረችው ርዕሰ መምህሩ አቶ መርስዔ ኃዘን ፊት ነበር፤ ስባሪው ተፈናጥሮ ጫማው ላይ አረፈ። ሰውየው ጫማውን አየ፣ እሷን አየ፣ ወረቀቱን ግን ከእጁ አላወረደም። ወረቀቱ ላይ የሰባት ልጆች ስም ተጽፏል።

«እነዚህ ሐሙስ ቤታቸው ይቆዩ» አላት። «አንድ ቀን ናት። አንድ ቀን ቢቀሩ ምን ይሆናሉ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ተሾመች የኦ ክፍል አስተማሪ ናት። ከዘመሮ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ፣ ሁለት ሰዓት በእግር ተኪዶ በሚደረስበት ትምህርት ቤት፣ አንደኛ ክፍል ለመግባት ያልደረሱትን፣ ንፍጣቸውን ገና በእጅጌያቸው የሚጠርጉትን ሕፃናት ታስተምራለች። ልጆቹ አርባ አንድ ናቸው። ክፍሉ አንድ ነው፤ ጣሪያውም ያፈሳል። ሐሙስ ደግሞ ከወረዳ ሰው ይመጣል። የኦ ክፍል ልጆቹ ቁጥር አጥርተው የተገኙለት ትምህርት ቤት ለጣሪያው ቆርቆሮ ይሰጠዋል ተብሏል፤ አቶ መርስዔም ይህን ከሰማ ወዲህ ከቆርቆሮ ሌላ ወሬ የለውም።

እውነት ለመናገር ሰውየው ክፉ አይደለም። ቆርቆሮውንም ለገዛ ቤቱ አልተመኘውም። ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። ለልጆቹ ጣሪያ አገኛለሁ ብሎ ልጆቹን ከጣሪያው ሥር ሊያስወጣ!

ደግሞ እኮ ሰባቱን የመረጠበት መንገድ! ማክሰኞ ጠዋት ክፍሏ ገባና ልጆቹን አንድ በአንድ እያስነሳ ጠየቀ። «ከስምንት ቀጥሎ?» «ከአሥራ አራት ቀጥሎ?» የደነገጠውን፣ የተንተባተበውን፣ ድምፁ ያልወጣውን ሁሉ ጻፈ። አርሴማ ጋ ሲደርስ ጎንበስ አለ። አርሴማ የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ከመስከረም ጀምሮ በክፍሉ ውስጥ የተናገረችው ቢሰበሰብ አንድ መስመር አይሞላም።

«ከሃያ ቀጥሎ ማን ይመጣል?»

አርሴማ ቀና ብላ አየችውና «ማርያም» አለች።

አቶ መርስዔ ሳቀ። ዝም ብሎ ሳቅ እንዳይመስላችሁ፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። «ቁጥር ብጠይቃት ጸሎት ጀመረችልኝ!» አለ። ልጆቹም ትልቅ ሰው ሲስቅ አይተው ሳቁ። አርሴማ ቁጭ አለች፤ አንገቷ ነጠላዋ ውስጥ ገባ። የመጀመሪያው ጠመኔ ያኔ ተሰበረ።

«ልጅቷ ትክክል ናት» አለችው ተሾመች፣ ሁለተኛውን ጠመኔ በመንገድ ሰብራ ቢሮው ድረስ ተከትላው። «ሃያ አንድ ማርያም አይደለችም እንዴ? በዚህ አገር ማን ነው ቀኑን በቁጥር የሚጠራው? ‘ለሚካኤል ና፣ ለማርያም እንገናኝ’ ስንባባል አይደል የምንኖረው?»

«ናት፤ መች ጠፋኝ። እኔም ጽዋ የምጠጣው በማርያም ነው» አላት። «ከወረዳ የምትመጣዋ ሴትዮ ግን ጽዋ ልትጠጣ አይደለም የምትመጣው። ቁጥር ልትሰማ ነው። ፎርሙ ላይ ማርያም የሚል የለም!»

«ሰባቱም ይመጣሉ።»

«ስሚኝ ተሾመች። አንቺ የኮንትራት አስተማሪ ነሽ። ውልሽ ሰኔ ላይ ያልቃል። የሚታደሰው በማን ፊርማ እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ሦስተኛው ጠመኔ የተሰበረው እዚህ ላይ ነው።

ተሾመች ወደዚህ ትምህርት ቤት ስትመጣ ልጆቹ ቁጥር በዜማ ነበር የሚያወርዱት። ከአንድ እስከ መቶ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እየተወዛወዙ። መንገደኛ ቆሞ እስኪሰማ ድረስ ያምርባቸዋል። ነገር ግን መሐል ላይ አቁማችሁ «ከአሥራ ሰባት ቀጥሎ ማን ይመጣል?» ብትሏቸው ያፈጡባችኋል። ከአንድ ካልጀመሩ አይሆንላቸውም። ሦስት ጠጠር አምጡ ሲባሉ እፍኝ ሙሉ ይዘው ይመጣሉ። ታዲያ ይሄ ምኑ ነው መቁጠር? ተሾመች ዜማውን ጣለችው። ወላጅ አጉረመረመ፣ አቶ መርስዔ ተቆጣ፤ እሷ ወይ ፍንክች።

ከጓሳ የመጣ የሣር ዘለላ ይዛ ገባች። ሦስት ዘለላ ጫፍ ለጫፍ ሲገጥም ሦስት ማዕዘን፣ አራት ሲገጥም አራት ማዕዘን። ልጆቹ ከቤት ባቄላና አተር በኪሳቸው አመጡ። ባቄላ፣ ባቄላ፣ አተር። ባቄላ፣ ባቄላ፣ አተር። «ቀጥሎ ማን ይመጣል?» ትላቸዋለች። ያ ጥያቄ የክፍሉ ሰላምታ ሆነ። መጀመሪያ አካባቢ አተሩን የሚበላው ይበዛ ነበር፤ ቆይቶ ግን የበላ ሰው መስመሩን አበላሸ ተብሎ ይከሰስ ጀመር።

ከዚያ በገዛ አካላቸው አደረገችው። በየጠዋቱ ግድግዳውን ተጠግተው ይሰለፋሉ፤ ሁለት ይቆማል፣ አንድ ይቀመጣል። ቁም፣ ቁም፣ ቁጭ። ቁም፣ ቁም፣ ቁጭ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ቦታና የራሱ ቁጥር አለው፤ ቦታውም በተመዘገቡበት ተራ ነው። ኅዳር ላይ አንድ ልጅ ጉንፋን ይዞት ቀረና ሌሎቹ ተጠጋግተው ቦታውን ሞሉት። ወይ ጉድ! ከቋሚው ግማሹ ቁጭ፣ ተቀማጩ ሁሉ ቁም ሆነና ክፍሉ ተደበላለቀ። ማዕረግ የምትባለው ትንሽ ልጅ «እኔ ቁም ነኝ፣ ለምን ቁጭ ትሉኛላችሁ!» ብላ እዬዬ አለች። ተሾመች ዝም ብላ አየቻቸው። ተጨቃጨቁ፣ ተገፋፉ፣ በኋላም ራሳቸው ፈረዱ፦ የቀረ ልጅ ቦታ አይነካም። ባዶውን ይጠብቀዋል። ማንም አላስተማራቸውም፤ የራሳቸው ሕግ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተሾመች አርሴማ ቤት ሄደች። እናቷ አስካለ ማርያም ደጃፏ ላይ የበግ ጠጉር ትፈትላለች። ተሾመችን ስታይ እንዝርቷን አላቆመችም።

«ሰምቻለሁ» አለች። «ዘበኛው ጋሼ ዳኜ መልእክቱን አድርሰውልኛል። ሐሙስ ትቅር አይደል? ትቀራለች። ጎረቤት ዱዳ ወለድሽ ሲለኝ ነው የኖርኩት፤ አሁን ደግሞ መንግሥትም አወቀልኝ።»

«አስካለ፣ ዱዳ አይደለችም።»

«እና ለምን አትናገርም? እኔ ምን በደልኩ?» አለችና እንባዋ መጣ። በክንዷ ጠረገችው፤ እጇ ጠጉር ነው። «እስቲ እያት። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ናት።»

አርሴማ መሬት ላይ ተንበርክካ ከእናቷ እግር ሥር የወዳደቀውን ጠጉር በቁንጥር በቁንጥር ትደረድራለች። ተሾመች ለማባበል ያህል ጎንበስ አለች፤ ከዚያ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። አራት ጥቁር፣ አንድ ነጭ። አንድ ጥቁር፣ አንድ ነጭ። አራት ጥቁር፣ አንድ ነጭ። በጣቷ እየነካች ቆጠረች። አምስተኛው ነጭ፣ ሰባተኛው ነጭ፣ አሥራ ሁለተኛው ነጭ።

«አስካለ፣ አንቺ እንዝርት የማታነሺው መቼ መቼ ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው? በበዓል ነዋ። አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል…» አለችና ቆም አለች። እሷም ጎንበስ ብላ አየች። እንዝርቷ ቆመ።

ጥቁሩ እናቷ የምትፈትልበት ቀን ነው፤ ነጩ እጇን የምትሰበስብበት። ልጅቷ ሠላሳውን ቀን መሬት ላይ ዘርግታዋለች። ሃያ አንደኛው ነጭ ነው።

«አርሴማ፣ ከማርያም እስከ ጊዮርጊስ ስንት ይቀራል?»

«ሁለት» አለች አርሴማ ከጠጉሩ ላይ ቀና ሳትል። «መሐል ኡራኤል አለ። በኡራኤል ትፈትላለች።»

አስካለ ማርያም አፏን በነጠላዋ ያዘች። ተሾመች ግን ደስታም ንዴትም ሆኖባት ድምፅዋ ጎላ። «ሐሙስ አምጪያት! ለሌሎቹ ስድስት ልጆች እናቶችም ንገሪልኝ፤ ይዘው ይምጡ።»

«ቢመልሱብኝስ?»

«አትመለሺ።»

ሐሙስ ጉሙ ሳይገለጥ ወይዘሮ ሲዲቃ ከወረዳ በሞተር መጣች። ተወልዳ ያደገችው ቁልቁል ከቆላው ከተማ፣ ከነጋዴ ቤት ነው፤ ብርዱ ስላልተስማማት በሂጃቧ ላይ ሌላ ሻርፕ ደርባ ጠቅልላዋለች። አቶ መርስዔ ጠዋቱን ሙሉ ተሾመችን ቢሮ አስቀምጦ ፎርም አስሞላት። እንዳትንቀሳቀስ ነው ለካ! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ወደ ክፍሉ ያስገባት ከእንግዳዋ ጋር አንድ ላይ ነው። ልጆቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል፤ ግድግዳው ላይ ከከተማ የመጣ አዲስ ፖስተር ተለጥፏል፤ ባቄላውና ሣሩ ተጠርጎ ተጥሏል።

«ልጆቻችን ሠላሳ አራት ናቸው» አለ አቶ መርስዔ ወረቀቱን እየዘረጋ። «እስከ መቶ በዜማ ያወርዱልዎታል።»

ተሾመች ወንበሮቹን አየች። አርሴማ የለችም። እናቶቹ ፈርተው ቀሩ ብላ አሰበች። ማንን ትውቀስ?

«ዜማውን ሌላም ቦታ ሰምቼዋለሁ» አለች ሲዲቃ ወደ ተሾመች ዞራ። «መምህርት፣ እስቲ አንቺ እንደምታሠሪያቸው አሠሪያቸው።»

ተሾመች እጇን አጨበጨበች። «ቁም፣ ቁም፣ ቁጭ!»

ልጆቹ ከወንበሩ ፈንድተው ወጡ። እየተጋፉ፣ እየተሯሯጡ ግድግዳውን ተጠግተው ተሰለፉ፤ ሁለት ቆመ፣ አንድ ተቀመጠ። ፊተኞቹ እንደ ሽመና የተስተካከሉ ናቸው። ከመሐል በኋላ ግን ሰልፉ ወላልቋል። እዚህ ባዶ፣ እዚያ ባዶ። የቀሩት ሰባቱ ዘግይተው የተመዘገቡ የሩቅ ሰፈር ልጆች ናቸውና ቦታቸው ከመሐል ወዲያ ነው።

«ተጠጉ!» አለ አቶ መርስዔ። «ተጠጋጉ እንጂ! ምንድን ነው ይሄ ክፍተት?»

አንድም ልጅ አልተንቀሳቀሰም።

«ተጠጉ አልኩ!»

«ከተጠጋንማ ይበላሻል» አለ ማሙሽ። ማሙሽ ሃያኛ ነው፤ ለማንም የማይመለስ ልጅ ነው። «የሰው ቦታ አይነካም።»

ሲዲቃ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። «ቁጥራችሁን በሉልኝ» አለች።

«አንድ!» «ሁለት!» «ሦስት!» አሥርን አለፉ፣ አሥራ አምስትን አለፉ። «አሥራ ዘጠኝ!» «ሃያ!» አለ ማሙሽ። ማሙሽ አጠገብ ባዶ ቦታ ነው፤ ከባዶው ቀጥላ ማዕረግ አፏን ገጥማ ቆማለች።

«ቀጥይ እንጂ አንቺ፣ ሃያ አንድ በይ!» አላት አቶ መርስዔ።

ማዕረግ ራሷን ነቀነቀች። «እኔ አይደለሁም።»

«ከሃያ ቀጥሎ ማን ይመጣል?» አለች ሲዲቃ።

ሠላሳ አራት ልጅ በአንድ አፍ «አርሴማ!» አለ።

አቶ መርስዔ ፊቱ አመድ መሰለ። ሲዲቃ «አርሴማ ማን ናት? የት አለች?» ብትል ማዕረግ ቀደመች። «ውጭ ናት። ጋሼ ዳኜ አላስገባም ብለዋት አጥሩ ጋ ቁጭ ብላለች። ሁሉም እዚያ ናቸው፤ ስገባ አይቻቸዋለሁ።»

ተሾመች ደሟ ወደ ራሷ ወጣ። እናቶቹ አልፈሩም! መጥተዋል፤ በዚህ ብርድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ እሷ ደግሞ ቢሮ ተቀምጣ ፎርም ትሞላለች፣ ቀሩብኝ ብላ ታዝናለች! ወደ በሩ ስትሄድ አቶ መርስዔ ተሻግሮ ክንዷን ያዘና በሹክሹክታ «ይህን በር ከከፈትሽ ውልሽን አልፈርምም። በእግዚአብሔር ስም እነግርሻለሁ፣ አልፈርምም» አላት።

እሷ ሹክሹክታ አልቻለችበትም። «አይፈርሙ!» አለች፤ ክፍሉ በሙሉ ሰማ። «ፊርማዎን ይያዙት! እኔ ግን ልጅ ደብቄ አላስተምርም። ከዚህ ክፍል ብወጣም ሰባቱን አስገብቼ ነው የምወጣው!» ክንዷን መንጭቃ ወጣች።

ጉሙ ግቢውን ሞልቶታል። አስካለ ማርያም አርሴማን ጉያዋ ውስጥ ከታ ከአጥሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ሌሎቹም እናቶች ከነልጆቻቸው ተደርድረዋል። ዘበኛው ጋሼ ዳኜ ዱላቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል።

«አልነሳም አልኳቸው» አለች አስካለ ከሩቅ። «አትመለሺ ብለሽኝ የለ?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ታዝዤ ነው» አሉ ጋሼ ዳኜ።

«አሁን ደግሞ እኔ አዝዤዎታለሁ፤ ይክፈቱት!»

ጋሼ ዳኜ በሩን ሲከፍቱ እጃቸው የፈጠነው ሲጠብቁት እንደቆዩ ያስታውቅ ነበር።

ሰባቱ ገቡ። ማንም ቦታ አላሳያቸውም፤ እየሮጡ ባዶውን ሞሉት። አርሴማ በማሙሽና በማዕረግ መሐል ገብታ ቁጭ አለች። ሃያ አንደኛ ቦታ ቁጭ ነውና። እናቶቹ በሩ ላይ ተጨናንቀው ቆሙ። አቶ መርስዔ ገለል ልበል ብሎ ይሁን ግራ ገብቶት፣ ከሰልፉ መጨረሻ ካለው ልጅ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ካቆማችሁበት» አለች ሲዲቃ።

«ሃያ!» አለ ማሙሽ።

አርሴማ እናቷን አየች። ከዚያ አቶ መርስዔን አየች፤ የሳቀባትን ሰው። ተሾመች ጠመኔውን በመዳፏ ጨበጠች፤ ሃያ አንድ በይ ብላ ልትጮኽ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጠችው። ልጅቷ የምታውቀውን ታውቃለች።

«ማርያም!» አለች አርሴማ። እንዲህ ጮክ ብላ ተናግራ አታውቅም።

«ይኸው! አላልኩም?» አለ አቶ መርስዔ። «ይኸው እንግዲህ፣ ቁጥር…»

«ሃያ ሁለት!» አለች ማዕረግ ሳትጠብቀው። «ሃያ ሦስት!» «ሃያ አራት!» ቁጥሩ አልተሰበረም፤ ግድግዳውን ይዞ እየሮጠ ሠላሳን አለፈ፣ አርባን አለፈ። «አርባ አንድ!» አለ የመጨረሻው ልጅ፣ አቶ መርስዔ አጠገብ ቆሞ።

ወይዘሮ ሲዲቃ ፈገግታዋን በሻርፗ ሸፈነች። «እናቴ ሱቅ የሚመጡት ደገኞች ‘ለማርያም እንመለሳለን’ ብለው ይሄዱ ነበር» አለች። «አንድም ቀን ሃያ ሁለት ላይ መጥተው አያውቁም።» ከዚያ ሠላሳ አራት የሚለውን ሰርዛ አርባ አንድ ጻፈች። «አቶ መርስዔ፣ ይህን የሰረዝኩትን ቁጥር ማን እንደሞላው ቢሮ ገብተን እንነጋገራለን።»

አቶ መርስዔ ሊመልስ ሲል ከክፍሉ መሐል ቀጭን ድምፅ ቀደመው።

«እርስዎ ቁጭ ነዎት።»

ሁሉም ዞረ። አርሴማ ናት። መሬት ላይ እንደተቀመጠች ጣቷን ወደ ሰልፉ መጨረሻ ዘርግታለች። አርባኛው ልጅ ቆሟል፣ አርባ አንደኛው ቆሟል፤ ቀጥሎ ያለው አቶ መርስዔ ነው። ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው አዩ፤ አዩና ገባቸው።

«ቁጭ ነዎት!» አለ ማሙሽ። «ቁም፣ ቁም፣ ቁጭ! ቆመው አበላሹት!»

በሩ ላይ ያሉት እናቶች ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። ትልቅ ሰው በልጅ አፍ ቁጭ በል አይባልም፤ ተሾመች ልጅቷን መገሠጽ ነበረባት፤ አቶ መርስዔም እንድትገሥጽለት በዓይኑ ይለምናታል። ሰኔ ሩቅ አይደለም፤ ፊርማውም በእጁ ነው። ተሾመች ጠመኔውን ሳትሰብረው ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ልጅቷ ትክክል ናት» አለች።